ጭልፋውን ለአስተናጋጅ መልሱልን

ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ጉዳዩ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎችና ተቆጣጣሪዎች
በለቡና በአካባቢው ለምትገኙ የአዳራሽ፣ የሆቴልና የምግብ ዝግጅት ድርጅት ባለቤቶች

ጉዳዩ፦ የቡፌ አቀራረብን ንጽሕናና ቁጥጥር ይመለከታል

ክቡራን፣

በለቡ የምኖር፣ በእድርም በማኅበርም በዘመድ ጥሪም ምክንያት ከሠርግና ከምርቃት ግብዣ የማልቀር ሰው ነኝ። ከሙዚቃ ቤት እስከ መብራት ኃይል፣ ከዚያም ወደ ጀሞና ወደ ኃይሌ ጋርመንት በሚወስዱት መንገዶች ግራና ቀኝ አዳራሹ፣ ሆቴሉና የባህል ምግብ ቤቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደ አሸን ፈልቷል። ለሰፈራችን ወጣቶች ሥራ ሆኗል፤ ለእኛም ድግስ በመጣ ቁጥር ድንኳን ከመትከል አሳርፎናል። ስለዚህ አዳራሽ ይዘጋ፣ ቡፌ ይቅር ብዬ አልመጣሁም። አቤቱታዬ በ300 እንግዳ እጅ ተዘዋውሮ 300 አፍ ስለሚደርስ አንድ ጭልፋ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ከአዳራሽ ጥግ ቆማችሁ ሰልፉን ተመልከቱልኝ። እንግዳው ሲገባ እጁን ይታጠባል፤ ያውም ውሃ ካለ። ዘመድ የሚስመው፣ ከስንት ዘመን ያላየውን ወዳጁን የሚጨብጠው፣ ስልኩን አውጥቶ ሙሽሮቹን የሚቀርጸው፣ ልጅ የሚያቅፈው ከታጠበ በኋላ ነው። ከዚያ ይሰለፋል። ሳህኑን በግራው ይዞ፣ በቀኝ እጁ የእንጀራውን መቆንጠጫ፣ የቀይ ወጡን ጭልፋ፣ የአልጫውን፣ የጎመኑን፣ የአይቡን ማንኪያ እያነሳ እያስቀመጠ ያልፋል። አንዱ ጭልፋ እስከ እጀታው ወጥ ውስጥ ሰጥሟል፤ በሁለት ጣቱ መዘዝ አድርጎ ያወጣውና ጣቱን በሶፍት ጠርጎ ሶፍቱን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ይተወዋል። የእንጀራው ጥቅል ከተጣበቀበት መቆንጠጫውን ትቶ በእጁ ይለየዋል። በመጨረሻም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ዳግመኛ ሳይታጠብ፣ በዚያው በቀኝ እጁ ይጎርሳል። ከጎኑ ላለውም ያጎርሳል።

ቡፌ በመጣበት አገር ጭልፋ በነካ እጅና በአፍ መካከል ሹካ አለ። እኛ ቡፌውን ስንወስድ ሹካውን አልወሰድንም፤ መውሰድም የለብንም፣ በእጅ መብላት ወጋችን ነው። ነገር ግን በእጅ ለሚበላ ሰው አባቶቻችን የሠሩት ሥርዓት ነበረ። እንግዳው አስቀድሞ ይቀመጣል፤ ማዕዱ ሊቀርብ ሲል አስታጣቢው ማንቆርቆሪያና መታጠቢያ ሳህን ይዞ በየተራ ያስታጥበዋል፤ ወጡን እየዞረ የሚያወጣው አንድ ሰው ነው፤ ጭልፋው ከዚያ ሰው እጅ አይወጣም። የታጠበ እጅ እንጀራ ላይ ያርፋል እንጂ ሌላ የሚነካው ነገር አልነበረም። ዛሬ መታጠቢያውን በር ላይ ተከልነው፣ ጭልፋውን ለመጣ ለሄደው ሁሉ ሰጠነው። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ የሚስተካከለውም እዚሁ ላይ ይመስለኛል።

ከእጅ ወደ አፍ የሚተላለፉት የሆድ በሽታዎች ለከተማችን አዲስ አይደሉም፦ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ሺጌላ፣ ታይፎይድ፣ ኤ የተባለው የጉበት በሽታ። ከእነሱ ሌላ ኖሮቫይረስ አለ። አንድ ሰው ለማሳመም እጅግ ጥቂት ቅንጣቶቹ ይበቃሉ፣ በዕቃ ላይም ለቀናት ይቆያል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ የሚታይ ትውከትና ተቅማጥ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ መንገደኞችን ይዘው በባሕር ላይ የሚንሸራሸሩት የመዝናኛ መርከቦች ይህን በሽታ ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ያ ሁሉ ሰው አንድ ቡፌ፣ አንድ የደረጃ መደገፊያ፣ አንድ የበር እጀታ ይጋራልና። ሕመሙ በመርከብ ላይ መበራከት ሲጀምር ከሚወሰዱት የመጀመሪያ እርምጃዎች አንዱ ጭልፋውን ከመንገደኛው ተቀብሎ ለሠራተኛ መስጠት ነው። እዚያ በሽታ ሲነሳ የሚደረገውን እኛ በሽታ ሳይነሳ ብናደርገው ምን ይጎድልብናል?

ስለ ሳኒታይዘርም አንድ ነገር ልበል። መጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን ሲገኝ በየበሩ በእግር የሚረገጥ የእጅ መታጠቢያ ተተክሎ ነበር። ያ ትልቅ ነገር ነበር። አሁን እኔ በምገባባቸው አዳራሾች አብዛኛው ደርቋል፤ በቦታው አንድ ጠርሙስ ሳኒታይዘር ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። አልኮል የኮሮናን ቫይረስ ይገድላል። በኖሮቫይረስ ላይ ግን አቅሙ ደካማ ነው፤ በወስፋት እንቁላልና በአሜባም ላይ አይታመንም። እነዚህን ከእጅ የሚያስለቅቀው የሚፈስ ውሃና ሳሙና ነው። ለቡ ውስጥ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ እናውቃለን፣ የሁላችንም ችግር ነው። ሆኖም 300 ሰው ለመጋበዝ አዳራሽ የሚያከራይ ድርጅት ለእንግዶቹ እጅ የሚበቃ ውሃ በሮቶ ማጠራቀም አያቅተውም።

ከእጅ ቀጥሎ የሚያሳስበኝ ሙቀት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለምግብ ደኅንነት ባወጣቸው አምስት ቁልፍ መመሪያዎች ውስጥ የበሰለ ምግብ እንዲሁ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ ትኩሱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች እንዲያዝ ይመክራል። በመካከሉ ባለው ሙቀት ባክቴሪያ ይራባል። በዐቢይ ጾም በየምግብ ቤቱ የሚዘረጋውን የጾም ቡፌ በዚህ መለኪያ እዩት። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሩዙና ፓስታው ለምሳ ተብሎ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ይደረደራል። ቀደም ብሎ የሚበላው በስድስትና በሰባት ሰዓት በልቶ ይሄዳል። ሲያስቀድስ የዋለው ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው የሚደርሰው። ምግቡ በዚያው ትሪ ላይ አራት ሰዓት ያህል ቆሟል፤ ከሥሩ የነበረው የማሞቂያ እሳት ጠፍቷል፤ የሽሮው ፊት ቆዳ አውጥቷል፤ አስተናጋጁ በማንኪያ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ከላይ ትኩስ ይጨምርበታል። ብዙ የጾመው ሰው ብዙ የቆየውን ምግብ፣ ያውም በባዶ ሆዱ፣ ይበላል። ይህ ልብ የሚነካ በደል ነው፤ ለማረም ደግሞ ቀላል ነው። ለዘጠኝ ሰዓቱ ተመጋቢ ሌላ ድስት ዘግይቶ መጣድ ብቻ ነው የሚፈልገው።

የሠርጉ ወጥ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ዓርብ ማታ በትልልቅ ድስት ይሠራል፣ ተከድኖ ያድራል፣ ቅዳሜ ለብ ተደርጎ ይቀርባል። በዚያ ልክ ያለ ድስት መሃሉ እስኪቀዘቅዝ ይነጋል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ሥጋና ወጥ ይወዳል። ዘሩ በ100 ዲግሪ እንኳ አይሞትም፤ በእኛ ከፍታ ደግሞ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ድስቱ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ያ ዘር ነቅቶ ይራባል፣ በልቶት የተኛውን ሰው ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በቁርጠትና በተቅማጥ ያስነሳዋል። በሩዝ ላይም ባሲለስ ሴሪየስ የተባለው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ብዙ ሰው «ቢሆንም ይሞቃል እኮ» ይላል። ከእጅና ከአፍንጫ ወደ ምግብ የሚገባው ስታፊሎኮከስ የሚረጨው መርዝ ግን ቢሞቅም አይጠፋም። ወጡን በሰፋፊና ጥልቀት በሌላቸው ትሪዎች ከፋፍሎ ቶሎ ማቀዝቀዝ፣ በማግስቱ እስኪንተከተክ ማፍላት፤ መድኃኒቱ ይኸው ነው። ሌሊቱን ቆመው የሚሠሩት ሴቶች ይህን ለማድረግ አይሰንፉም። ቦታ፣ ማቀዝቀዣና ጊዜ ነው ያልተሰጣቸው።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝን አሁን ልንገራችሁ። ባለፈው ጥር በአንድ አዳራሽ በተደረገ የዘመድ ሠርግ ላይ ተገኝተን ነበር። የአዳራሹን ስም አልጠቅስም፤ አንዱን ነጥዬ ላሳጣ አልፈልግም። በማግስቱ ማታ አብረውኝ ከተቀመጡት ብዙዎቹ ታመሙ። የስኳር ሕመም ያለባት አክስቴ ውሃ ከሰውነቷ አልቆ ግሉኮስ ተተክሎላት አደረች። አዳራሹን ስንጠይቅ «ምግቡ የኬተሪንጉ ነው፣ እኛ ቦታ ነው ያከራየነው» ተባልን። ኬተሪንጉ በበኩሉ «ትኩስ አድርገን አስረክበናል፣ መብራት ጠፍቶ የቆየው አዳራሹ ውስጥ ነው» አለ። ከዘመድም «ቅባት በዝቶባቸው ነው» የሚል አልጠፋም። የሙሽሮቹ ወላጆች በኀፍረት አንገታቸውን ደፉ፣ እኛም እነሱን ላለማሳፈር ዝም አልን። የምግብ ናሙና የያዘ የለም፤ ምርመራ ያደረገ የለም፤ ስንት እንግዳ እንደታመመ የሚያውቅ የለም።

ክቡራን፣ በእኛ ዘንድ በድግስ ምግብ ታመምኩ ብሎ መክሰስ ደጋሹን ማዋረድ ነው። ሰው በልቶ መርቆ የወጣበትን ቤት አይከስም። ስለዚህ አቤቱታ ስላልቀረበላችሁ ችግር የለም ብላችሁ እንዳትወስዱት አደራ እላለሁ። አቤት ባይ የሌለበትን ጉዳይ ሄዶ ማየት የሚችለው ሥልጣን የተሰጠው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው።

ምግብ የሚያዘጋጀው ሠራተኛ ጤነኛ መስሎ መታየቱም ዋስትና አይሆንም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች መመገቢያ በሚሠሩ 172 ጤነኛ በሚመስሉ ሠራተኞች ላይ ተደርጎ በ2007 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ከመቶ 45 በሚሆኑት ላይ የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ አግኝቷል። ይህ ሠራተኞቹን የሚያስወቅስ አይደለም፤ ምርመራውን ተከታትሎ ማስደረግና ማሳከም የአሠሪው ድርሻ ነው። ለአንድ ቅዳሜ ብቻ የሚጠሩት የቀን ሠራተኞች ግን የምርመራ ካርድ ማን ይጠይቃቸዋል?

ሰላጣውንም አልዘለውም። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ የሚኖር ሰው ትንሹ አቃቂ ወንዝን ያውቀዋል፤ ምን እንደሚፈስበት፣ በዳርና ዳሩም ለዘመናት ምን ሲለማ እንደኖረ ያውቃል። ጎመኑና ቆስጣው ይበስላል። ሰላጣው ግን ጥሬውን ከቡፌው መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) አዲስ አበባ ሲገባ ብዙ ቤተሰብ ሰላጣን ከማዕዱ አውጥቶ ነበር፤ ፍርሃቱ ሲያልፍ ግን ጥንቃቄውም አብሮ አለፈ። አንድ አዳራሽ ሰላጣውን ከየት እንዳመጣና በምን እንዳጠበ መናገር ካልቻለ ባያቀርበው ይሻላል።

ባለንብረቶች የምትሉኝን እገምታለሁ። አስተናጋጅ መጨመር ወጪ ነው፣ እንግዳም «ተለክቶ ተሰጠኝ» ብሎ ይቀየማል፣ ደጋሹም ሰሰተ ይባላል ትሉኛላችሁ። ስለ ወጪው፣ ከወጥ ትሪዎቹ ኋላ አራት ወይም አምስት ሰው ማቆም የአንድን ሠርግ ሒሳብ የሚያናጋ አይመስለኝም፤ እንግዳ ያለ ልክ ቀድቶ ትቶት የሚሄደው ምግብ ሲቀንስም የሚተርፍ ይኖራል። የስስቱ ነገር ግን እውነተኛ ስጋት ነው፣ አልንቀውም። መልሱ ያለው በአስተናጋጁ አንደበት ላይ ነው። «ይጨመር? በሞቴ ትንሽ!» እያለ በፈገግታ የሚያወጣ ሰው ባለበት ማንም ተለካብኝ አይልም። ያደግንበት ግብዣ እንዲህ ነበረ፤ እንግዳ ራሱ ቀድቶ ሲቀመጥ ይልቅ ባለቤት የሌለው ድግስ ይመስላል።

ከእናንተ ከባለንብረቶች የምለምነው እንግዲህ ይህን ነው። ጭልፋውንና መቆንጠጫውን ጓንት ላደረገ፣ አፍንጫና አፉን ለሸፈነ አስተናጋጅ ስጡ፤ ጓንቱም ገንዘብና ስልክ ከነካ በኋላ ይቀየር። ከቡፌው ወደ ጠረጴዛው በሚወስደው መንገድ ላይ የሚፈስ ውሃና ሳሙና አስቀምጡ፣ ካልተቻለም አስታጣቢ በየጠረጴዛው ይዙር። በየትሪው ሥር ምግቡ የወጣበትን ሰዓት በብጣሽ ወረቀት ጻፉ። ዋጋው ብዙ ያልሆነ የምግብ ቴርሞሜትር ይኑራችሁ። ከእያንዳንዱ ምግብ ትንሽ ናሙና ለሦስት ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆዩ፤ ያለ ጥፋታችሁ ብትወቀሱ ነፃ የሚያወጣችሁም እሱ ነው። ክትፎና ቁርጥ የምታቀርቡ ደግሞ ከቄራ ማኅተም ውጭ የሆነ ሥጋ አዳራሻችሁ ደጃፍ አይለፍ፤ ኮሶ ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን።

ለባለሥልጣኑ የማቀርበው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደኅንነቱ ያልተጠበቀ ምግብ ለሕዝብ እንዳይቀርብ ይከለክላል፤ ሕግ አልጎደለንም። ነገር ግን ቡፌ የሚዘረጋው ቅዳሜና እሑድ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ባዶ አዳራሽና የታጠበ ወለል ያየ ተቆጣጣሪ ቡፌውን አላየም። ቢያንስ በሠርግ ወራት፣ በጥርና ከፋሲካ በኋላ፣ ተቆጣጣሪዎቻችሁ ቅዳሜና እሑድ ሳይነገር ቴርሞሜትር ይዘው ይግቡ። አዳራሽ አከራይና ኬተሪንግ እርስ በርስ እንዳይገፋፉም ኃላፊነታቸውን በግልጽ የሚያካፍል የጽሑፍ ውል ያለው ብቻ እንዲያስተናግድ አድርጉ። ወጥ የሚሠራበት ግቢ የት እንደሆነ ሳይታወቅ ለ300 ሰው ምግብ መግባት የለበትም።

ከሁሉም በላይ የቁጥጥር ውጤቱ በር ላይ ይለጠፍ። በ2007 ዓ.ም. ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር በተደረገው ምዘና ሆቴሎቻችን የኮከብ ደረጃ አግኝተው ኮከቡን ለሁሉ በሚታይ ቦታ ሰቅለዋል፤ ማንም አላፈረበትም። ስለ መርከቦቹ ያነሳሁትም በከንቱ አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከውጭ ወደ አገሪቱ ወደቦች የሚመጡ የመዝናኛ መርከቦችን ሳያሳውቅ ይፈትሻል፣ ከ100 ነጥብ ይሰጣል፣ 85ና ከዚያ በታች ያገኘውን ወድቋል ይላል፣ ውጤቱንም ከነመርከቡ ስም ለሕዝብ ያወጣል። መርከቦቹ አልከሰሩም፤ ነጥባቸውን ለማሳመር ይሽቀዳደማሉ። እኛም አዳራሽ ስንከራይ የወለሉን እብነ በረድና የመብራቱን ጌጥ ብቻ አይተን ቀብድ ከምንከፍል የኩሽናውን ነጥብ አይተን እንክፈል። ከውጤቱ ሥር ደግሞ የታመመ ሰው፣ ስሙን ሳይናገር ጭምር፣ የሚደውልበት ቁጥር ይጻፍ። ደጋሹን ሳያዋርድ እውነቱን የሚናገርበት መንገድ ሲያገኝ ሕዝቡ ይናገራል።

የሚቀጥለው ጥር ሳይደርስ ለክፍለ ከተማችን አዳራሾች በሙሉ ቢያንስ ጭልፋው በአስተናጋጅ እጅ እንዲሆንና የእጅ መታጠቢያው ከቡፌው በኋላ እንዲቀመጥ የሚያዝ አንድ ሰርኩላር እንድትጽፉልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ሁለቱም አዲስ በጀት አይጠይቁም። በእድራችን በኩል ለሚደረግ ውይይት ባለሙያ ብትልኩልን ሰው የመሰብሰቡን ሥራ እኛ እንወስዳለን። የምትወስዱትን እርምጃና የምትሰጡንን መልስ በታላቅ አክብሮት እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የለቡ ነዋሪ